ማን በማን ይቃኝ?

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ሽሮ ያዘዘ ሰው፣ ሽሮው እስኪመጣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን መሄዱ አይቀርም። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዙ ሰዎች በነጭ ልብስ ተደርድረው ይጫወታሉ። ከፊታቸው ተወዛዋዦቹ ከጎጃም ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ኦሮሞ፣ ከኦሮሞ ወደ ወላይታ በጥቂት ደቂቃ ይሻገራሉ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ይሄ የአያቶችህ ሙዚቃ ነው» ሲባል ያምናል፤ ለምን አያምን? ዜማው በእርግጥ የአያቶቹ ነው፤ ጭፈራውም እንዲሁ። አሰላለፉ ግን የአያቶቹ አይደለም። ያ ረድፍ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1960ዎቹ ሲሆን ከሠሩት ቦታዎች ዋነኛው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ቤትና የየራሱ ሰዓት ነበረው። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ከብት ኋላ። በገና የመኳንንትና የመንፈሳውያን ነው፤ በዐቢይ ጾም፣ ቀስ ተብሎ፣ ለጸሎት ይደረደራል። ክራር የጎረምሳ፣ የፍቅርና የጠጅ ቤት መሣሪያ ሆኖ ስሙ ሲነሣ የኖረ ነው። ማሲንቆ አዝማሪው እጅ ነው፤ አዝማሪውም ዘፋኝ፣ ገጣሚ፣ ወሬ ነጋሪና አጃቢ በአንድ ሰው የተጠቀለለለት ባለሙያ ነው። ሠርግ ቤት ገብቶ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲያቀብለው ይቀበላል፣ ያዞራል፣ ያሞግሳል፣ ይሸነቁጣል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ የሚያልቀው የሰው ፊትና የሰው ኪስ ይብቃ ሲል ነው። በዚህ ዓይነት ሙያ ልምምድ የሚባል ነገር ቦታ የለውም። ከማን ጋር ይለማመዳል?

ይህ ሲባል ኢትዮጵያ ውስጥ አብሮ መጫወት አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። እምቢልታ ብቻውን ዘፈን አይወጣውም፤ ሦስት ሰዎች ሦስት እምቢልታ ይዘው እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሁለት ድምፅ ተራውን ጠብቆ ሲያስገባ ነው ዜማው የሚፈጠረው። ቤተ ክርስቲያንም ከሁሉ የጠነከረ የልምምድ ትምህርት ቤት ነበራት። በአቋቋም ቤት የሚማር ደብተራ መቋሚያውን መቼ እንደሚያነሣ፣ ጸናጽሉን መቼ እንደሚያማታ፣ ከበሮው መቼ እንደሚገባ ዓመታት ፈጅቶ ነው የሚያጠናው። ስለዚህ ችግሩ «አበሻ አብሮ መሥራት አይችልም» የሚባለው የሰነፍ አባባል አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ዓለማዊ ዘፈንን አያውቀውም፤ የአዝማሪው ሙያ ደግሞ ሥርዓት አይፈልግም። በመካከሉ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

ባዶውን ቦታ በመጀመሪያ የሞላው የውጭ ናስ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም ያደጉ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ተቀበላቸው። ራስ ተፈሪም ወደዱትና አርባውን ልጆች ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። ኬቮርክ ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ያዘጋጁት ብሔራዊ መዝሙር በ1930ው የንግሥ በዓል ላይ ተሰማ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራዎች አሠልጥኖ አንድ ሙሉ ትውልድ ሙዚቀኛ አወጣ። በዚያ ዓለም ኦርኬስትራ ማለት ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ቫዮሊን ነበር፤ ኖታ እያዩ፣ በመሪ ዱላ እየተመሩ፣ ሁሉም በአንድ የተወሰነ ድምፅ ተቃኝተው።

ማሲንቆና ክራርን ሰብስቦ መድረክ ላይ ያወጣ አልነበረም ቢባል ውሸት ይሆናል። በ1935፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ በተከማቸበት ዓመት፣ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለመቀስቀስ ገና ከጅምሩ ከየአገሩ የመጡ ተጫዋቾችን ይጠቀም ነበር። ከነፃነት በኋላም ሀገር ፍቅር የባህል ዘፈን ቤት ሆኖ ቀጠለ። ሆኖም መድረክ ላይ አብሮ መቆምና እንደ አንድ መሣሪያ አብሮ መተንፈስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን በዋና ጉዳይነት የያዘው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።

ሐሊም ኤል ዳብ በ1921 ካይሮ የተወለደ ግብፃዊ ሲሆን በኋላ አሜሪካዊ ዜግነት አገኘ። ገና በ23 ዓመቱ፣ በ1944፣ ሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ድምፁን በስቱዲዮ እየለዋወጠ የሠራውን ሥራ ዛሬ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ዛርን ጎንደር የሚያውቀው ሰው ፈገግ ይበል፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አያት ከዛር ቤት ነው የወጣው። ከዚያ ኤል ዳብ አሜሪካ ገባ፣ ለታዋቂዋ የዳንስ ሰው ለማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ»ን ጻፈ፣ በ1962 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ሊያስተምር አዲስ አበባ መጣ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገና ጨቅላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ከሰጡ ብዙም አልቆየም። ስድስት ኪሎ በሚባለው በዚሁ ግቢ ውስጥ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ፤ ቴአትርና ሙዚቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በ1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተበት ዓመት፣ ኤል ዳብ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ባህላዊ ተጫዋቾችን ሰብስቦ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋና ከተማ ልትሆን በምትሞሸርበት ሰሞን፣ የአገሪቱ መሣሪያዎች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ዜማ ሊስማሙ ተቀመጡ።

ሊስማሙ ነው የተባለው፤ ነገር ግን ማን በማን ይቃኝ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አይደለም። ክራር ቋሚ ድምፅ የለውም፤ ክራር መቺ አውታሮቹን የሚቃኘው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው። ዛሬ ድምፁ ከተዘጋበት ዝቅ ያደርጋል፣ ነገ ከተከፈተለት ከፍ። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታርና አንዲት መቃኛ ያለው ስለሆነ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ ጣት በሄደበት ይሄዳል። ዋሽንት ግን ተቆርጦ ያለቀለት ነገር ነው። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ፣ ርዝመቱ አንዴ ከተወሰነ፣ «ትንሽ ዝቅ በልልን» ቢሉት አይሰማም። ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ልምምድ ቤት ውስጥ ሥልጣን ያለው ትንሹ ሸምበቆ ነው፤ ዘፋኙም፣ ክራሩም፣ ማሲንቆውም ዋሽንቱ ወዳለበት ይመጣሉ። የእረኛው መሣሪያ የመኳንንቱን በገና ሳይቀር አስቃኘ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የቅኝት ጣጣ ይመጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ አምስቶቹ ድምፆች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ማሲንቆ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ጣቱን ማዛወር ብቻ ይበቃዋል። ክራር ግን አውታር አውታሩን ይዞ መልሶ መቃኘት አለበት፤ ያውም በዘመኑ ክራር ላይ አውታሩ ከላይኛው ቀንበር ጋር የሚያያዘው በጨርቅ ወይም በቆዳ ጥምጥም ነው፤ ጥምጥሙን እየጠመዘዙ፣ እያዳመጡ፣ እንደገና እየጠመዘዙ። አንድ አዝማሪ ብቻውን ሲሆን በዚህ መሐል ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ጠጁን ይጎነጫል። መድረክ ላይ ያለ ቡድን ግን አምስት መቶ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ክራር መጠምዘዝ አይችልም። ወይ በተለያየ ቅኝት የተዘጋጁ ክራሮች ይያዛሉ፣ ወይ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል በቅኝት ይደረደራል። ተመልካቹ «ለምን ይህ ዘፈን ከዚያ በኋላ መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። መልሱ ብዙ ጊዜ ክራሩ ላይ ነው።

በገና ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። አሥር አውታር አለው፣ ከየአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ ያን የሚያርገበግብ ድምፁን ይሰጠዋል፤ ድምፁ ግን ለአንድ ክፍልና ለአንድ ነፍስ የተሠራ ነው። ከበሮ ሲገባ በገና ይጠፋል። እምቢልታና መለከት ተቃራኒው ናቸው፤ የተሠሩት ለአደባባይና ለዘመቻ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ ሲነፉ ሌላው ሁሉ ይዋጣል። ምዕራባዊ ኦርኬስትራ ይህንን ችግር በመቶዎች ዓመታት ውስጥ በቁጥር ፈትቶታል፤ ለአንድ ትራምፔት አሥር ቫዮሊን። ስድስት ኪሎ ላይ ግን ማን መቼ ዝም እንደሚል በመወሰን እንጂ በሌላ ሊፈታ አይችልም ነበር። እዚህ ላይ የጸሐፊው ግምት ይህ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከተማሩት ነገር ሁሉ ከባዱ መጫወት ሳይሆን ዝም ማለት ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜ ልኩን ብቻውን ቤት ያሞቀ ሰው ስምንት ምት ቆጥሮ፣ ሌላው ሲያበቃ ግባ ሲባል!

ከየአገሩ የመጡት ተጫዋቾች ሙዚቃን የተማሩት በጆሮ እንጂ በኖታ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በማስታወስ ላይ ቆመ፤ አንዱ ያሰማል፣ ሌላው ይደግማል፣ እስኪዋሐድ ድረስ። ክራሩ በግርፍ ሲመታ ምቱን ያጠብቃል፣ በድርድር ሲጫወት ደግሞ ለዋሽንቱ ቦታ ይለቃል። መጀመሪያና መጨረሻ ተወሰነ። አንድ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ሁሉም በአንድ ምት ላይ እንዲያርፍ ተጠና። ለአዝማሪ ጆሮ ይህ አስገራሚ ሳይሆን አይቀርም፤ ግጥም የሚያቀብል እንግዳ ሳይኖር፣ ሽልማት ግንባር ላይ ሳይለጠፍ፣ ዘፈኑ በሰዓቱ አለቀ።

ምን ተገኘ፣ ምን ጠፋ? የተገኘው ክብር ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት አገር፣ አዝማሪው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሙዚቀኛ ተብሎ ወንበር ተሰጠው። ወላይታው የጎንደሩን፣ የጎንደሩ የትግራዩን ዜማ በእጁ አጠና። የጠፋው ያ «ተቀበል» ነው። በየምሽቱ አዲስ የነበረው ግጥም አንድ ጊዜ ተመርጦ ጸና። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል። የተጋነነ ነው፤ አዝማሪው ከስድስት ኪሎ ሲወጣ ጠጅ ቤቱ ይጠብቀው ነበር።

ኤል ዳብ በ1964 ሄደ። ኃላፊነቱ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ባልደረባ ወደነበረው ወደ ጆን ኮ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያዊው ተስፋዬ ለማ ተላለፈ። ተስፋዬ የዘፈን ደራሲም ስለነበር ኦርኬስትራው በእሱ እጅ ከሙከራ ወደ ዝግጅት ተሸጋገረ፤ እስከ መጨረሻውም መራው። በዚሁ ጊዜ ቻርልስ ሳተን የሚባል ሌላ የሰላም ጓድ ወጣት ወደ ቡድኑ ተጠግቶ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ይማር ጀመር። ጌታመሳይ እንደ አገሩ አስተማረው፤ ጽሑፍ የለም፣ መልመጃ መጽሐፍ የለም፣ «እንደዚህ» ብቻ ነው። ፈረንጁ ተማረና ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ተደርድሮ መድረክ ወጣ። በ1969 የቡድኑ ጥቂት አባላት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በኒው ዮርክ ታውን ሆልና ከአምስት ዓመት በፊት ቢትልሶች አሜሪካን ባንቀጠቀጡበት በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረቡ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄን ከተቃራኒ ወገን ይዞት ነበር። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመልሶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። «የእረኛው ዋሽንተኛ» የሚባለውን ድርሰቱን በ1967 በሃንጋሪ ኦርኬስትራ አስጫወተ። ኤል ዳብ ዋሽንቱን ራሱን ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባው፤ አሸናፊ ግን የዋሽንቱን መንፈስ ወስዶ በአውሮፓ ፍሉት አናገረው። አንዱ መሣሪያውን፣ ሌላው ዜማውን አዳነ። ያሬድ ትምህርት ቤት ከዚያ በኋላ የመረጠው መንገድ ብልህ ነው፤ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን የሚያጠና ተማሪ አንድ የአገር መሣሪያም ያጠናል። በገና ሊሞት ነው በተባለበት ዘመን ዓለሙ አጋ ከ1972 እስከ 1980 እዚያው በገና ያስተምር ነበር።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነገር አልነበረም። ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ሁሉ በዚያ ዘመን አንድ መድረክ ላይ አገር ለማሳየት ይጣደፉ ነበር። በጋና ሌጎን ዩኒቨርሲቲ በነክዋቤና ንኬቲያና ማዌሬ ኦፖኩ እጅ የጋና የዳንስ ቡድን በ1962 ተቋቋመ። ኬንያም በ1971 ቦማስ ኦፍ ኬንያን መሠረተች፤ አንድ ተወዛዋዥ በአንድ ከሰዓት የሉዎን፣ የኪኩዩንና የሚጂኬንዳን ጭፈራ እንዲያጠና የሚገደድበት ቦታ። ናይሮቢ በዚህ ረገድ ሁለት ፊት አላት። የኬንያ ኮንሰርቫቶሪ በ1944፣ ቅኝ ገዥዎቹ ባሉበት፣ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የተከፈተ ነው። ዛሬ ደግሞ ከኢስትሊ ብዙም በማይርቀው በኮሮጎቾ፣ ከዳንዶራ የቆሻሻ ክምር አጠገብ፣ ከ2008 ጀምሮ «ጌቶ ክላሲክስ» የሚባል የልጆች ኦርኬስትራ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይለማመዳል። እዚያ ያለው ችግር ከስድስት ኪሎው ይለያል፤ መሣሪያው በአውሮፓ ድምፅ ተቃኝቶ የመጣ ነው፣ ወደ እሱ መምጣት ያለበት ልጁ ነው።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ተበተነ። አሠራሩ ግን በሚያስገርም ፍጥነት ተባዛ። ደርግ ለቅስቀሳ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ በአንድ አዳራሽ የተጀመረው «ከሁሉም ብሔረሰብ ጥቂት ጥቂት» የሚለው አደራደር የመንግሥት ደንብ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀደም ሲል በነበረው ረሃብ ጊዜ የደረሱትን አገሮች ለማመስገን አውሮፓንና አሜሪካን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የዚህ አሠራር ትልቁ ማሳያ ነው። በኪነት ቡድን ውስጥ ያለፈ ወጣት ደርግን ሸሽቶ፣ ወይም ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ በሞያሌ በኩል ኬንያ ሲገባ፣ ክራሩን ይዞ ባይመጣ እንኳ አሰላለፉን በጭንቅላቱ ይዞ ነው የመጣው።

በስደት ከተማ ግን የሚያስቃኘው ሌላ ሆነ። አንድ ኪቦርድ ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ከበሮም ያወጣል፤ ልምምድ አይጠይቅም፣ ምግብና መኝታ አይጠይቅም። እውነተኛ ዋሽንት ነፊ ሠርግ ላይ ከተጠራም የሚቀርብለት ጥያቄ «ዋሽንትህ በየትኛው ቁልፍ ነው?» የሚል ነው። ዋሽንት ሠሪዎችም አሁን ሸምበቆውን የሚቆርጡት ከኪቦርዱ ጋር እንዲገጥም ለክተው ነው። ክራሩም የጊታር መቃኛ ተገጥሞለት በስልክ እየታየ ይቃኛል። ይህን ማማረር አያስፈልግም፤ ለተጫዋቹ ሕይወትን አቅልሎለታል። ያ ትንሽ ሸምበቆ በልምምድ ቤት የነበረው ሥልጣን ግን አብቅቷል።

ተስፋዬ ለማ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ኖሮ በ2013 ዐረፈ፤ ኤል ዳብ በኦሃዮ ኬንት ከተማ በ2017። የኦርኬስትራው ቅጂዎች በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው «ኤቲዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ሆነው ታትመዋል፤ ፈልጎ ለማግኘት አያስቸግሩም። ጌታመሳይ አበበና ቻርልስ ሳተንም ከአሜሪካው ጉዞ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ «ዞሮ ገጠም» የሚል አልበም አብረው አወጡ።